እኔን ሆና የተቀጠረችው

የበደለችኝ ሌላ ማንም አይደለችም፣ የገዛ እህቴ ልጅ ናት፣ በእጄ ያሳደግኳት፣ እኔን ሆና ተቀጠረች፣ እኔን!፣ ሻሼን አስራ፣ ሽርጤን አገልድማ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የጎብኚዎች ማዕከል ሆኗልና እኔ ስሠራበት በነበረው ማሽን ፊት ቆማ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ እኔ ደግሞ ትኬት ቆርጬ ከጎብኚዎቹ ኋላ ቆሜ ራሴን ልመለከት መጣሁ፣ እንዲህ ያለ ጉድ የት ተሰምቶ ያውቃል።

ጠዋት ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች፣ አክስቴ፣ ዛሬ እንዳትናገሪ ብላኛለች፣ ሥራ አስኪያጇ ቆማ ታየኛለች፣ ቋሚ የምታደርገኝ ወይ የምታሰናብተኝ ዛሬ ነው፣ አፍሽን ብቻ ያዢልኝ፣ እሺ አልኳት፣ ምን አለበት አፍ መያዝ። ያቅተኛል እንጂ።

ሥራ አስኪያጇ ያቻት፣ ጥግ ላይ፣ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ለዚህ ሥራ ቀድሜ ያመለከትኩት እኮ እኔ ነበርኩ፣ እናቴ፣ እርስዎ ትንሽ ቆጣ ይላሉ፣ ጎብኚ ፈገግታ ይፈልጋል አለችኝ፣ በትሕትና፣ ትከሻዬን እየዳበሰች፣ እኔን ለመሆን የማልመጥን ሆኜ ቤቴ ገባሁ።

ወለሉ። ያብለጨልጫል፣ ፊቴን ያሳየኛል፣ ያኔ የጥጥ ብናኝ ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ይተኛ ነበር፣ አሁን ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ቦይለር ቤቱ ካፌ ሆኗል፣ ካቦው ካልፈቀደ የማንሄድበት ሽንት ቤት የቁም መስተዋት ተገጥሞለታል፣ ማሽኑ በቀይ ገመድ ታጥሮ እባክዎ አይንኩ ይላል፣ ሲነካን የኖረው እሱ አልነበር እንዴ፣ ጣት የወሰደው እሱ፣ ግድግዳውን አነበዋለሁ፣ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ ነው የለቀምኩት፣ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አልፌ አላውቅም፣ የላብና የፍቅር ዘመን ይላል፣ ላቡስ እሺ።

ድምፁ ደግሞ፣ ከማሽኑ ሥር ስፒከር ደብቀው ካካ ካካ ያሰሙናል፣ ቀስ አድርገው፣ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል፣ የእኛው ድምፅ እኮ እንዲህ አልነበረም፣ ጆሮዬ ላይ አፍሽን ለጥፈሽ ብትጮኺ አልሰማሽም፣ የምናወራው በእጅ፣ በቅንድብ፣ በትከሻ ነበር።

ጀመረች። ክቡራን ጎብኚዎች፣ ከጎኔ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፣ ጸሎተኛዋ እንላት ነበር ትላለች።

ጸሎተኛዋን! ኧረ ተይ ልጄ፣ የፈለግሽውን አውሪ እሷን ግን ለቀቅ አድርጊያት፣ ጸሎተኛዋ ያልናት ከንፈሯ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማያርፍ ነው፣ ዓይኗ ክሩ ላይ፣ ከንፈሯ ይሄዳል፣ ምን ያለች መንፈሳዊ ሴት እያልን እናከብራታለን፣ ሲከፋኝ በእጄ ለእኔም እላታለሁ፣ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ እሺ ትለኛለች፣ ትቀጥላለች፣ ከዚያ ፋብሪካው የተዘጋበት የመጨረሻው ቀን፣ ሳይነግሩን መብራቱን አጠፉት፣ ማሽኑ ሁሉ በአንዴ ጸጥ፣ ጸጥታው ጆሮ ያማል፣ በዚያ መሀል አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ የእሷ፣ መቆሙን ገና ልብ አላለችም፣ አንተ ቦርጫም፣ አንተ የአህያ ጭንቅላት፣ ምነው እናትህ አንተን ከምትወልድ ድንጋይ ወልዳ ቤት በሠራችበት፣ ካቦው ከኋላዋ ቆሟል! ያን ሁሉ ዓመት ስትሳደብ ነው የኖረችው፣ ለእኔም ትሳደብልኝ ነበር ለካ። ሳቅን። ተንከባለልን፣ ከሥራ ተባርረን፣ ነገን ሳናስብ፣ እሷ ራሷ አፏን በሻሿ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች።

ሳል ገደላት በኋላ። ልጅ አልነበራት፣ ፎቶም የላትም፣ የቀረን ያ ስድብ ነው፣ ለዚች ልጅ ሰሃን እያጠብን ነገርኳት፣ ስትስቅ ሰሃን ሰበረችብኝ።

አሁን ምን ትላለች፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ጓደኛዬ ስትዘምር ሰማኋት፣ ስትዘምር!፣ እኔም ማሽኑን አቅፌ አለቀስኩ፣ ታቅፈዋለች ደግሞ፣ ምን አባቱ ሊረባ፣ እንባዋም ይወርዳል፣ የምር እንባ፣ ከየት አመጣችው፣ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ መሐረቧን አወጣች፣ ሥራ አስኪያጇ ፈገግ አለች፣ ተሳካላት፣ ቋሚ ልትሆን ነው፣ አፍሽን ያዢ አንቺ ሴትዮ፣ የልጅቷ ኑሮ ነው፣ በወጣትነቷ ቤት ታቅፋ ትቀመጥ ነው የምትይው፣ ደግሞስ ማን ተጎዳ፣ ጸሎተኛዋ ተነስታ አትከስ፣ ብትነሳ ግን ምን ትል ነበር፣ ምን እንደምትልማ አሳምሬ አውቃለሁ።

ገመዱን አለፈች፣ ወደ እኛ መጣች፣ ከጎብኚ አንድ ሰው መርጣ ማናገር የሥራዋ ክፍል ነው፣ ወደ እኔ ነው፣ አይ፣ አትምጪ፣ ከሁሉ እኔን የመረጠችው አፌን እይዛለሁ ስላልኳት ነው፣ ራሴን ነቅነቅ ባደርግላት ይበቃታል፣ እማማ ትለኛለች፣ እማማ!፣ ፀጉሯን የሠራሁላትን፣ ትኩሳቷን ታቅፌ ያደርኩትን፣ አውቶቡስ ላይ ቦታ እንደምትለቅላት አሮጊት፣ እማማ፣ እርስዎስ እንዲህ ያለች ጓደኛ ነበረችዎት? አንቺ ስትለኝ ያደገች ልጅ እርስዎ አለችኝ፣ ዓይኗ ግን ይለምነኛል፣ አውቃታለሁ፣ ሲጨንቃት የታች ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ነከሰች፣ ሥራ አስኪያጇም ዞር ብላ አየችኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ፣ ነቅነቅ አድርጊና ይለፍ፣ አንዴ ብቻ፣ አንገቴ እምቢ አለ፣ ድምፄ ደግሞ እስከ ዛሬ ማሽን ላይ የሚጮህ ሰው ድምፅ ነው፣ ካፌ ድረስ ይሰማል፣ እንዲህ አልኳት፣

ነበረችኝ፣ ግን ስትሳደብ እንጂ ስትዘምር ሰምቻት አላውቅም፣ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ እንጂ አላለቀስኩም፣ በይ አሁን እማማሽን ተይና አክስቴ በይኝ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሪና ስድቡን ሳትቀንሺ ንገሪያቸው።