በገና ጾም የረጋው ዘይት

ከዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ጠብታ ጨምሬ እንደሆነ፣ ምላሴ እንደ ፓልም ዘይት ትርጋ።

ታኅሣሥ ነበር፤ የነቀምቴ ብርድ ጅብ የሚያስነጥስበት ወር። ጨለለቂ ሰፈር የጾም ምግብ ቤት ያላት ዘርፈሽ ሃያ ሊትር ጀሪካን ብቻዋን ተሸክማ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ድረስ መጣች። እንደምን አደርክ፣ አካም ቡልቴም ሳትል በዘይት ነጋዴው በሽብሩ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠችው። ከግማሹ በታች ነጭ ነገር ረግቶበታል።

"ሞራ ነው" አለች። "በገና ጾም ስንቱን ሰው አስገደፍክብኝ፣ ኦቦ ሽብሩ?"

"ኧረ እህቴ፣ ሞራ ሱቄን ረግጦም አያውቅ።"

"ንጹህ ኑግ ነው ብለህ ነው የሸጥክልኝ። ኑግ መቼ ይረጋል?"

ሽብሩ ጀሪካኑን አዘንብሎ አየ። ኑጉ ፓልም ተቀላቅሎበታል። ፓልም በብርድ ይረጋል፤ ኑግ ሲበዛበት ግን ተሸንፎ ፈሳሽ እንደሆነ ይከርማል። ኑጉ ካነሰ ደግሞ ሌሊቱ ቀስ እያለ ሲበርድ፣ እንደ አሸዋ ፍሬ ፍሬ እየሠራ ታች ይቀመጣል። ሽብሩ ይህን ካመነ አጭበርባሪ ሊባል ነው። ካላመነ ጾም አስገዳፊ ሊባልና ሱቁን ሊዘጋ ነው።

እዚያ ባልኖር አልቆለት ነበር። የዘይት መጭመቂያ አለኝ፤ ዘይት ገና ሲያየኝ ስሙን ይነግረኛል። ሲያንስ አምስት መቶ ሰው መንገዱን ሞልቷል። ሁለት ጠርሙስ አስመጣሁ። አንዱን ከጀሪካኑ ሞላሁ፣ በሌላው ኑግና ሞራ ቀላቀልኩ፤ ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው።

"ፓልም ከሆነ ሙቀት ሲነካው ይጠራል፤ ሞራ ግን እንደ ነጣ ይቀራል" አልኩ።

"ካልጠራስ፣ ጋሼ መሸሻ?"

"መጭመቂያዬን ነቅለሽ ውሰጂ።"

ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ የጀሪካኑ ዘይት እንደ ማር ወለላ ጠራ። ሽብሩ እግሬ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ ተሸክሞኝ እስከ ጉቴ ከተማ ሊያደርሰኝ ምንም አልቀረው።

ትናንት መጭመቂያው በር ላይ ይህን ለደንበኞች ሳወጋ፣ ባለቤቴ ድርቤ አጠገባችን ኑግ ታበጥር ነበር። ቀና አላለችም።

"ያን ቀን ፀሐይም አልወጣ፣ ሰውም አልነበረ" አለች ቀስ ብላ። "አንተም አልነበርክም። እኔ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው ያየሁት። ሽብሩ አንተ ንጹህ ኑግ ነው ብለህ የሰጠኸውን ነው የሸጠላት። ረግቶ ሲያየው አንተ እንደቀላቀልክበት ገባው፤ ስምህን ግን አልጠራም። 'ፓልም ነው፣ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ' አላት። ስወጣ 'ለመሼ እንዳትነግሪው' አለኝ። ዘርፈሽ እስከ ዛሬ ሰላም አትለውም።"

ደንበኞቹ ጀሪካኖቻቸውን አዩ። እኔ ኮቴን ከምስማሩ አወረድኩ።

"ወዴት ነው?" አለች ድርቤ።

"ዘርፈሽ ጋ።"