በከንፈር የተያዘ ስፒል

ከመጋረጃው ጀርባ ሳሉ ሲጀምር ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አጥብቆ ረገጠ። የሚሰፋው ነገር አልነበረውም፤ መርፌዋ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በከንቱ ትንጣጣለች። ጩኸቷ ሳሉን እንዲሸፍንለት ብቻ ነው።

መስታወቱ ፊት የቆመችው የሙሽራዋ እናት ግን ጆሮዋ ደህና ነበር። ለልጇ ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ወገቧ ላይ በስፒል የተያያዘውን ጨርቅ በጣቶቿ እንደያዘች ዞር አለች።

"ማነው እንዲህ የሚያስለው? አክታ ያነቀው ይመስላል እኮ።"

"ጎረቤት ነው እትዬ" አለ ልብስ ሰፊው። "ግድግዳው ስስ ነው።"

ስስ ግድግዳ የለም፤ የሚያስል ጎረቤትም የለም። ያለው መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ደግሞ ይህን ሱቅ ያቆሙት፣ መቀስ አያያዝ ያስተማሩት የገዛ አባቱ። አፉ እንዴት እንደታዘዘለት እሱም ገረመው።

ሽማግሌው የመርሳት በሽታ ከያዛቸው በኋላም ብዙ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ይቀመጡ ነበር። ኋላ ግን ምግብ በአፋቸው ጥግ ይንጠባጠብ ጀመር። አንዲት ደንበኛ ሾርባው በአገጫቸው ሲወርድ አይታ ጨርቋን ከጠረጴዛው ላይ ሰብሰብ ስታደርግ፣ ልጅየው በዚያው ሳምንት መጋረጃውን ሰቀለ። ለእረፍታቸው ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚሉት እሱ ላይ ደርሶ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ሴትዮዋ ሳትደርስ ላብላቸው ብሎ ተጣደፈ። ጋደም እንዳሉ በወተት የራሰ ዳቦ በማንኪያ ላይ ማንኪያ አከታተለባቸው። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው አዩት።

"ይዋጡ እንጂ አባባ! ይዋጡ!"

አልዋጡም። ያወርድላቸዋል ብሎ ውሃ ጨመረበት፤ ትራሳቸውን አስተካክሎ መጋረጃውን ሳበ። ሲተነፍሱ ደረታቸው ከሰሞኑ ያፏጭ እንደነበር ያውቃል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ትቶታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ድንገት ሳሉ ቆመ።

ልብስ ሰፊው እግሩን ከመኪናው አነሳ። ከወዲያ ምንም አይሰማም። ዘሎ መጋረጃውን ሲገልጠው የአባቱ ከንፈር ጠቁሯል፤ ዓይናቸው ፈጥጦ እጃቸው ብርድ ልብሱን ይቧጥጣል። ቀና አድርጎ አስቀመጣቸው፣ ወደ ፊት አጎንብሶ ትከሻና ትከሻቸው መሃል መታ መታ አደረገ። የራሰ ዳቦ ከአፋቸው ወጣ፤ ትንፋሻቸው ተመለሰ፤ ከደረታቸው ግን እንደሚፈላ ድስት ይንተከተክ ነበር።

የሙሽራዋ እናት ከኋላው ቆማለች። ከሽማግሌው ወደ ልጅየው፣ ከልጅየው ወደ ሽማግሌው አየች።

"አገጫችሁ አንድ ነው" አለች። ከዚያ ከነስፒሏ፣ አንዱ እጅጌ ገና ያልተገጠመለትን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ታክሲ ልታስቆም ወደ መንገድ ወጣች። እሱ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ደረታቸውን አዳመጠችና ቀና አለች።

"ሲበሉ እንዴት ሆነው ነበር?"

"ቁጭ ብለው ነው ሲስተር። ቀጥ ብለው።"

ነርሷ ጓንት አጥልቃ ጣቷን በጉንጫቸው ውስጥ አዞረች። የተጠቀጠቀ ዳቦ ይዛ ወጣች።

"ታዲያ ይሄስ?"

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። "ጋደም ብለው ነው" አለ። "ደንበኛ ይመጣብኝ ነበር። እና... ሰው እንዳያያቸው ብዬ ነው። አፍሬባቸው ነው።"

ነርሷ አላጽናናችውም፤ አልተቆጣችውም። ምግቡና ውሃው ወደ ሳንባቸው እየገባ መሆኑን፣ ልጅየው ጉንፋን ነው ያለውም ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችው። "መድኃኒት እንጀምርላቸዋለን። ከእንግዲህ ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ትንሽ ደፋ አድርገው ነው የሚበሉት። ግማሽ ማንኪያ ትሰጣለህ፤ ጉሮሯቸው ከፍ ብሎ ሲወርድ ሳታይ ሌላ አትደግም። አፋቸው ሙሉ ሳለ ውሃ አታፍስስ። ፈሳሹንም ወፈር እናደርግላቸዋለን፣ አሳይሃለሁ። በልተው ወዲያው አታስተኛቸው።"

"አልውጥ ይሉኛል እኮ ሲስተር። እየጮህኩ እንኳ።"

"አንዳንዱ አፉ ውስጥ ምግብ መኖሩን ይረሳል። ሌላ ነገር በአፉ የያዘ የሚመስለውም አለ። ጩኸት አይረዳም።"

ልብስ ሰፊው ወደ አባቱ ዞረ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ጉንጫቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ይህን ፊት ያውቀዋል። ልጅነቱን ሙሉ ያየው ፊት ነው፦ አባቱ ደንበኛ እግር ሥር ተንበርክከው፣ ስፒሉን ደርድረው በከንፈራቸው ይዘው፣ የቀሚስ ጫፍ ሲያጥፉ። የሱቁ ሕግ ደግሞ አንድ ነበር። ስፒል በአፍ የያዘ ሰው አያወራም፣ አይስቅም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይውጥም። ሲጨርሱ እሱ መዳፉን ከአገጫቸው ሥር ይዘረጋል፤ አባቱ አንድ በአንድ ያስቀምጡለትና "ቁጠር" ይሉታል። አንዲት ከጎደለች ሳትገኝ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም።

እሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ እኚህን ሰው "ይዋጡ!" እያለ ሲጮህባቸው ኖሯል። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

አባቱ ተሽሏቸው ከተመለሱ በኋላ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሙሽራዋ እናት ሱቁ ደጃፍ ላይ ደረሰች። ብቻዋን አይደለችም። ከሙሽራው ወገን ሁለት ሴቶች፣ ጫማቸው የሚያብለጨልጭ፣ ለማሰፋት ያመጡትን ውድ ጨርቅ ታቅፈው ተከትለዋታል።

ሽማግሌው መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ፣ ቀጥ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። አገጫቸው ላይ የላመ ምግብ ይወርዳል። የልብስ ሰፊው እጅ ሳያስበው ወደተጠቀለለው መጋረጃ ሄደ፤ ጨርቁንም ነካ። ሁለቱ ሴቶች ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ያ የቀድሞው እፍረት እንዳለ ተመለሰበት፤ የትም አልሄደም ነበርና።

"ጎረቤትህ እንዴት ናቸው?" አለች የሙሽራዋ እናት፣ ፈገግ ሳትል።

እጁን ከመጋረጃው ላይ አነሳ።

"አባቴ ናቸው" አለ ለሁለቱ ሴቶች። "ግቡ፣ ተቀመጡ። ምሳቸውን ሲጨርሱ ነው የምለካችሁ።"

አንደኛዋ ሰዓቷን አየች። ሽማግሌው በዚህ መሃል ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ጉንጫቸውን ሰብስበዋል። ልብስ ሰፊው ይዋጡ አላለም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠና መዳፉን ከአገጫቸው ሥር ዘረጋ።

አባቱ መዳፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና የያዙትን በጥንቃቄ አስቀመጡለት፤ እርጥብ ድብልብል ነገር።

"ቁጠር" አሉት።

ከኋላው ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። አልዞረም፤ እጁንም አልሸሸገም።

"አንድ" አለ። "ሌላ የለም አባባ። አልጎደለም።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው አፋቸውን ከፈቱ። ልብስ ሰፊው በሌላኛው እጁ ማንኪያውን በግማሽ ሞልቶ አቀረበላቸውና ጉሮሯቸው እስኪወርድ ጠበቀ።