ማርኪዝ የለመደችው ዘፈን

ጄሮ በሞተ ማግስት ጠዋት በማድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ሚስቱ ፍላቪ፣ ታላቅ እህቱ ፊሎሜን፣ ታናሽ ወንድሙ ኤሎዋና ጎረቤታቸው እማማ ኖኤሚ ነበሩ። ጄሮ ራሱ እዚያው ማድ ቤት፣ ጥግ ካለው አልጋው ላይ የሰርግ ኮቱን ለብሶ ተጋድሟል። ከግድግዳው ማዶ በረት ውስጥ ደግሞ ማርኪዝ አለች። ማርኪዝ ላም ናት።

«ማርያም ሆይ፣ ጸጋን የተመላሽ...» አለች ፊሎሜን መቁጠሪያዋን ይዛ።

«እምቧ!» አለች ማርኪዝ።

«አሁንም አሳሳተችኝ! እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ እኮ ነው የምትጠብቀኝ።»

«ምን ታድርግ፤» አለ ኤሎዋ ጉልበቱን እያሻሸ፤ «ጄሮ ከሞተ ጀምሮ አልታለበችም። ግቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጥጃው እንደሆነ ገና ጨቅላ ነው፤ ትንሽ ጠባ ያደርግና ይተኛል። እስከ ማታ እንዲህ ከዋለች ግቷ ይበላሻል፤ ከዚያ ወዲያ ላም ሳትሆን ሥጋ ናት።»

ፍላቪ ሌላ ላም የላትም። የምትሸጠው አይብ፣ የክረምቱ ዱቄትና ማገዶ፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚህች ቀይ ላም ነው። ባሏን ትናንት አጣች፤ ዛሬ ደግሞ ላሟን ልታጣ ነው።

«ታዲያ አንተ አትልባትም?» አለች ፊሎሜን።

«የጄሮን ካፖርት ለበስኩ፣ የጄሮን ባርኔጣ ደፋሁ፣ እንደ ጄሮ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አሸተተችኝ። ከዚያ ራሴን እበት ውስጥ አገኘሁት።»

እማማ ኖኤሚ ሳቋን ለመደበቅ መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። «ካፖርት አይደለም የለመደችው፣ ዘፈን ነው» አለች።

ይህ እውነት ነው። መንደራቸው ባለበት በኦቬርኝ ተራራ ላይ ያሉ ላሞች ሁሉ ኩሩ ናቸው። ጥጃቸው አጠገባቸው ካልታሰረ፣ ጥጃው ጀርባ ላይ የሚልሱት ጨው ካልተነሰነሰ፣ አላቢው ካልዘፈነ ወተታቸውን ይቋጥራሉ። ማርኪዝ ደግሞ የባሰች ናት፤ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የምታውቀው።

«በሐዘን ቤት ዘፈን?» ፊሎሜን መቁጠሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ለሐዘኑ ብዬ ሰዓቱን አቁሜ፣ መስተዋቱን ሸፍኜ፣ እንዳይጮህ የላሟ ቃጭል ውስጥ ሳይቀር ድርቆሽ ወትፌ? ወንድሜ አፈር ሳይገባ እዚህ ቤት አይዘፈንም!»

«በረት ቤት ነው እንዴ?» አለ ኤሎዋ።

«ጣሪያው አንድ ነው።»

«ጄሮ እንደሆነ የኖረው በረቱ ውስጥ ነው» አለች እማማ ኖኤሚ፤ ወዲያው ፍላቪን አየችና አቀረቀረች።

ጄሮ አፉን የሚከፍተው ለሾርባ ብቻ ነው ይባል ነበር። ፍላቪን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት አባቷ ቤት ሲያመሽ አንድ ቃል አልወጣውም። ሊሄድ ሲነሣ «ዘንድሮ ድርቆሹ ደህና ደርቋል» አለ። አባቷ ገባቸውና መጠጥ ቀዱለት። በተጋቡ ሰሞን አንድ ቀን ጄሮ ለፍላቪ የተናገራት ነገር «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» የሚል ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ከግድግዳው ማዶ የሚያምር የወንድ ድምፅ ሰማች። እንግዳ የመጣ መስሏት ሄዳ አጮለቀች። ባሏ ነው። ግንባሩን ከላሟ ጎን አስደግፎ ይዘፍናል።

«ለእኔ ጨው፣ ለላም ዘፈን!» አለች በልቧ። ፍላቪ ወደ ማድ ቤት ተመለሰችና ድስቱን በጭልፋ ትደበድበው ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ሲዘፍን እሷ ትደበድባለች። ያቺ ላም አርጅታ ሌላ ተተካች፤ ድስቱ ግን አልቀረም። መንደሩም ለመደው። «ፍላቪ ድስት መታች፤ በሉ ላሞቹን እናግባ» ይባባላሉ። ጄሮ አንድም ቀን «ተዪ» አላላትም።

«ለመሆኑ የቱ ዘፈን ነው?» አለ ኤሎዋ ወደ እማማ ኖኤሚ ዞሮ።

«በየት በኩል ሰምቼው! ዕድሜ ልኬን የሰማሁት የዚህችን ድስት ነው።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ፍላቪ ቀስ ብላ።

ፊሎሜን አፈጠጠችባት። «አንቺ? እንዳትሰሚ አልነበረም እንዴ የምትደበድቢው?»

«ከመደብደቤ በፊት እሰማለሁ።»

«ተይ ፍላቪ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ከኔ ያልሰማው ነገር የለም» አለችና ተነሣች።

በረት ገብታ ጥጃውን ከእናቱ አጠገብ አሰረች፣ ጀርባው ላይ ጨው ነሰነሰች፣ የጄሮ የማለቢያ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ደመናው ወረደ ከተራራው ላይ፤
ነጎድጓዱ ቤቴ ነው፣ ሰማሽው ወይ?»

ማርኪዝ አልረገጠቻትም። ወተት ግን የለም። ፍላቪ ደገመችው፤ አሁንም የለም። ላሟ ጆሮዋን ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ አቁማ ትጠብቃለች።

«ምንድን ነው የምትጠብቀው?» አለ ኤሎዋ በሩ ላይ ቆሞ።

ፍላቪ የላሟን ጆሮ አየች፣ ግድግዳውን አየች። ፊቷ ቀላ።

«እትዬ ፊሎሜን!»

«አቤት!»

«ድስቱን ምቺው!»

ከማዶ፣ «የቱን ድስት?»

«ምድጃው ላይ የተሰቀለውን! ጎኑ የተሰረጎደውን!»

«አብደሻል? ወንድሜ እዚህ ተኝቶ?»

«እሱ ለምዶታል!»

እማማ ኖኤሚ «እምቢ ካልሽ ለኔ ስጪኝ» ስትል ተሰማች። ፊሎሜን ግን ወንድሟን ለጎረቤት የምትሰጥ ሴት አይደለችም። አማተበችና መታች። የሰው በር የምታንኳኳ ይመስል ነበር።

«ጠንከር አድርጊው! እኔ እንዲያ ነበር የምመታው?»

በሚቀጥለው ምት ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። ማርኪዝ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ወተቱም ባልዲውን ይመታ ጀመር።

ፍላቪ እያለበች ዘፈነች። ነጎድጓዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታውቀውም። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ፣ ነጎድጓድ ብሎ የሰደባት እየመሰላት፣ ጭልፋውን ታነሣ ነበር። ከነጎድጓዱ ቀጥሎ ጄሮ ምን ይል እንደነበር የሰማችው ማርኪዝ ብቻ ናት።

«ምን ነበር የሚለው?» አለቻት በሹክሹክታ።

ማርኪዝ ጥጃዋን ትልሳለች።

ላሟ ጎን ላይ ጠጉሩ ያለቀ አንድ ቦታ ነበር፤ የጄሮ ግንባር ያረፈበት። ፍላቪ ሻሿን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች፣ ግንባሯን እዚያ ላይ አሳረፈች፣ የቀረውን ዜማ ያለ ቃል አዜመችው። ድስቱ አላቋረጠም።

በማግስቱ ጄሮ ተቀበረ። ማታ ማርኪዝ ታለበች፤ ፍላቪ ዘፈነች፣ ፊሎሜን ድስቱን መታች።