የፎቶ ቤቱ መስኮት

«እባክዎ ፎቶውን ያጥፉት፣ አባባ» አለ የፎቶ አንሺው አማች፣ የሟቿ ባል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለቅሶ ደራሾቹ ሻያቸውን እንደያዙ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

ፎቶ አንሺው ስልኩን ጨበጠ። ትናንት ሴት ልጁ ልቧ ድንገት ቀጥ ብሎ ስትሞት፣ መርዶውን ለዘመድ አዝማድ ከፎቶዋ ጋር ነበር የላከው። ፀጉሯን በትከሻዋ ለቅቃ የምትታይበት፣ ሂጃብ ሳትጀምር የተነሳችው ፎቶ ነው። ከጀመረች ወዲህማ ካሜራውን አንድም ቀን ወደ እሷ አላዞረም።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ስንቱ አይቶታል» አለ። «ደግሞስ ያስለበስካት አንተው! ሞታም አትተዋትም?»

አማቹ ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣም።

«እኔማ ለምኛት ነበር» አለ። «የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት ልትለብስ መሆኑን ሰምቶ ፊቱን ሲያጠቁርባት፣ ከሥራ ትባረሪያለሽ፣ ትንሽ ቆዪ አልኳት። ‹አባዬም የሚለኝ ይህንኑ ነው፤ ተማክራችኋል እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ።»

ፎቶ አንሺው ዓመታት ሙሉ ሲጠላ የኖረው ይህን ሰው ነበር። አሁን የሚጠላው አጣ።

ጎኑ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ወዳጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔዋ ልጅ ደግሞ አልለብስም ብላ ይኸው ተኳርፈናል። አንተ አውልቂ አልክ፣ እኔ ልበሺ አልኩ። እነሱን የጠየቀ የለም።»

«ያንተዋ በሕይወት አለች። ሂድና ታረቃት» አለው ፎቶ አንሺው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ተሸፋፍና የኖረችው እህቱ ከማዶ ቀና አለች። «እኔን ያለበሰችኝ እናታችን ናት፤ ትፈልጊያለሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። ልጅህ ግን ስንት አውጥታ አውርዳ ነው የለበሰችው። ቀንቼባት ነበር እኮ!»

ፎቶ አንሺው ልጁ ሂጃቧን ለብሳ ፎቶ ቤቱ የመጣችበት ቀን ትዝ አለው። ትናንት በስልክ የላከው ያው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ደንበኛ እንዲጠራ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። መብራቱን ደጋግሞ አዛውሮ፣ ፀጉሯን ዘለላ በዘለላ አብርቶ ያነሳው፣ የሚኮራበት ሥራው ነው።

«አባዬ፣ አውርድልኝ።»

«አላወርድም። የኔ ሥራ ነው።»

«ሥራውስ ያንተ ነው። ፀጉሩ ግን የኔ ነው።»

ባልሽ ነው የላከሽ ብሎ በሩን አሳያት። ከዚያ ወዲያ ልትጠይቀው ስትመጣ የምትገባው በጓሮ በር ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ማለፉን ጠላችው። እሱም ያውቅ ነበር። እያወቀ እልህ ያዘው።

አሁን ስልኩን ለአማቹ አቀበለው። «አጥፋልኝ፣ ልጄ» አለና ተነስቶ ወጣ። ወዴት ነው ቢሉትም አልመለሰም።

ፎቶ ቤቱን ከፍቶ ፎቶውን ከመስኮቱ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። እሷ እምቢ እያለች አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሲያያት መክረሙ አንገበገበው። ሁለት መዳፎቹን በፎቶው መስታወት ላይ ከፊቷ ግራና ቀኝ አሳርፎ አውራ ጣቶቹን ከግንባሯ በላይ አገናኘ። ፀጉሯ ከመዳፎቹና ከክንዶቹ ስር ተሸፈነ። የቀረው ፊቷ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ በጓሮ በር ስትገባ ቀና ብሎ ያላየው ፊት።

«ልጄ» አለ።

እንባው መስታወቱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እጁን ቢያነሳ ፀጉሯ ይታያልና፣ ሳይጠርገው ቆመ።