የስህተቱ ቦታ

ሰው ስህተቱን ሲደብቅ ይኖራል። ይቺ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስህተት ስትሠራ ከረመች፤ ያውም በደመወዝ። ሥራዋ የአንድ ፕሮቲንን ጂን እየነካካች፣ ከሦስት መቶ አሚኖ አሲዶቹ እያንዳንዱን በየተራ በሌሎቹ አሥራ ዘጠኝ የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች መተካት ነው። አምስት ሺህ ሰባት መቶ ቱቦ፣ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ስህተት። የቱ ምን እንደሚያበላሽ የሚታወቀው አንድም ሳይቀር ሲሟላ ነው።

ውሏ ዓርብ ያልቃል። የላቦራቶሪው ንብረት ተረካቢ ቱቦዎቹን ቆጥረው ከፈረሙላት ቋሚ ትሆናለች፤ ካልፈረሙ ዕቃዋን ሰብስባ መሄድ ነው። ይህን የሚያውቁት እናቷ በቀን ሦስቴ ይደውላሉ።

ሰኞ ተረካቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፍሪዘሩን ሲቆጥሩ ዋሉ። አንድም አልጎደለም።

"ዋናውስ? ያልተነካካው?" አሉ።

ክው አለች። የመጨረሻው ሳጥን አልገባ ሲላት ቦታ ለማስለቀቅ አንድ አሮጌ ቱቦ ጥላ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ስህተቱን ሁሉ ከምን ጋር ሊያስተያዩት ነው እንግዲህ?

ከቁጥር አንድ ስህተት ጥቂት ቀንሳ፣ የለወጠችውን ወደ ነበረበት መለሰች። አራት ቀን እንቅልፍ አላየችም። ዓርብ ረፋድ ላይ አዲሱን ቱቦ ይዛላቸው ቀረበች።

"ፊደል በፊደል ተነቧል ጋሼ። ከዋናው በምንም አይለይም።"

ተረካቢው የቱቦውን የርክክብ ቅጽ ገለጡ። "'የስህተቱ ቦታ' የሚለው ባዶ ነው።"

"ስህተት የለበትማ።"

"ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ባዶ ቦታ ያለው ቅጽ ፈርሜ አላውቅም።"

እስክሪብቶውን ከእጃቸው ቀማችና ባዶው ላይ "እኔ" ብላ ጻፈች።

አነበቡት፤ ፊታቸው በራ። "አሁን ተሟላ" ብለው ፈረሙ። ከዚያ ቁጥር 5,701 የሚል የንብረት መለያ ልጠው ጋዋኗ ደረት ላይ ለጠፉላት። "ስህተቱ አንቺ ጋ ከሆነ አንቺንም ተረክቤያለሁ። ያለ መውጫ ፈቃድ ከግቢ እንዳትወጪ።"

ስልኳ ጮኸ። "ቋሚ አደረጉሽ ልጄ?" አሉ እናቷ።

መለያውን በጥፍሯ ሞከረችው። ለፍሪዘር የተሠራ ሙጫ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

"አዎ እማዬ" አለች፤ "አይላቀቅም።"