የቀኝ ወንበር ሰዓቶች

መንጃ ፈቃድ ያለው መኪና ይነዳል። የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ግን ሰዓት ይለምናል። ከማሠልጠኛው ሁለት መቶ የበረራ ሰዓት ይዤ ወጣሁ፤ በየደጁ ብዞር የሚቀጥረው ሁሉ አምስት መቶ አምጪ ይላል። ሳትቀጥሩኝ ከየት ላምጣው ብዬ አንዱን ኃላፊ ብጠይቀው፣ «እሱ የእኛ ችግር አይደለም» አለኝ ፈገግ ብሎ። ያ ፈገግታ እስካሁን ያናድደኛል።

መላ ያመጣችው እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ የምለው አጎቴ፣ መድኃኒትና የማሽን ዕቃ ወደ ሩቅ ከተሞች የምታመላልስ ባለ ስድስት ወንበር አውሮፕላን ያበርራል። የአስተማሪነት ፈቃድም ስላለው፣ ከጎኑ በቀኝ ወንበር ተቀምጬ የማበርረውን ሰዓት መዝገቤ ላይ ይፈርምልኛል። ደመወዝ የለም። ካርቶን እጭናለሁ፣ ነዳጅ አስሞላለሁ፣ መስታወት እወለውላለሁ፣ ከዚያ አበርራለሁ።

«አጎትሽ ባይኖር ወረቀትሽን ታቅፈሽ ቁጭ ነበርሽ» ትለኛለች እናቴ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ።

እውነቷን ነበር። ሌሎች ካፒቴኖች ከጎናቸው ላስቀመጡት ጀማሪ መሪውን የሚሰጡት መሀል ሰማይ ላይ፣ ምንም ሥራ በሌለበት ነው፤ ማሳረፉን ለራሳቸው ያስቀራሉ። ጋሼ ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ማሳረፉን ለእኔ ተወው። «እጅሽ ጥሩ ነው፣ አሳርፊያት» ይልና ክንዱን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔም እጄ ጥሩ ነው ብዬ ልቤ አበጠ። በአሥራ አንድ ወር አራት መቶ ስድሳ ደረስኩ። አርባ ቀረኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የድርጅቱ ባለቤት ከኋላ ተሳፈሩ። እሳቸው ባሉበት ጀማሪ አታሳርፍም፤ ስለዚህ ጋሼ መሪውን ያዘ። ቀትር ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ። መንደርደሪያው ከፊታችን ተዘርግቷል፤ ከጎኑ ደግሞ የጭነት መኪና የሚመላለስበት የጠጠር መንገድ አለ። ጋሼ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ጠጠሩ አቀና። መጀመሪያ ለነፋሱ ብሎ መሰለኝ። እየወረድን ሄድን፤ አላስተካከለም።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ» አልኩ። «ያ መኪና መንገድ ነው።»

«የቱ?» አለኝ።

የቱ ነው ያለኝ። ሠላሳ ዓመት ያበረረ ሰው።

መሪውን አብሬው ይዤ ወደ ግራ አዞርናት። መሬቱ መቼ እንደሚደርስ ግን እሱ አላወቀም፣ እኔም አልቀደምኩትም። በፊት ጎማዋ ተከሰከስን ማለት ይቀላል፤ ጥርሴ ተጋጨ። ገና ሳንቆም ጋሼ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ልጅቷን ላለማምድ ብዬ ነው፤ ገና ናት» አላቸው። የሁለታችንም እጅ መሪው ላይ ነበር፤ ከኋላ ሆኖ ማን ይለያል? ባለቤቱ ውሃ እንደደፋ ልጅ አዩኝ።

መካኒኩ፣ ሁላችንም ቡሎን የምንለው አጭር ሰው፣ ከሥሯ ገብቶ ወጣና የፊት እግሯ ተሰንጥቋል አለ። ጉዳት ሲደርስ ማን እንዳሳረፈና ምክንያቱ በአውሮፕላኗ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ካፒቴኑ ይፈርምበታል፣ ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይላካል። ጋሼ ወደ ጥግ ሳበኝ።

«አንቺ እንዳሳረፍሽ አድርገሽ ጻፊው። ጀማሪ ሲሳሳት ያልፉታል። እኔን ግን ለዓይን ምርመራ ይጠሩኛል።»

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። የቀረሽን አርባ ሰዓት በአንድ ወር እጨርስልሻለሁ።»

ያኔ ገባኝ። ማሳረፉን የተወልኝ እጄ ጥሩ ሆኖ አይደለም። መሬቱን ማየት ስላቃተው ነው። የአየር ሁኔታውን ወረቀት «አንቺ አንብቢው፣ ልምምድ ነው» የሚለኝም ለዚያው ነው። እኔ ጅሏ ደግሞ እያመሰገንኩ አነብለት ነበር።

ለእናቴ ደወልኩ። ቀድሞኝ ደውሎላታል።

«ጻፊለት እባክሽ» አለችኝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል። እሱ ከዚያ ወንበር ከወረደ ምን ይሠራል?»

«እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«ትንሽ ጭጋግ ጭጋግ ይልበታል እንጂ… አንቺ አጠገቡ ስላለሽልኝ እኮ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ» አለች።

ዘጋሁባት። በሕይወቴ ስልክ ዘግቼባት አላውቅም። እኔ ሰዓት ተሰጠኝ ብዬ ስኩራራ፣ እነሱ ለካ ለእሱ ዓይን አድርገው ነው ያስቀመጡኝ። ከኋላ ሰው ተሳፍሮ፣ ከሥር ሹፌር መኪናውን እየነዳ፣ ሁለቱ ወንድምና እህት ተማክረው እኔን መሀል ላይ አስቀመጡኝ፤ አንድ ቃል እንኳ ሳይነግሩኝ። እውነቱን ብጽፍ የጤና ፈቃዱ ይሰረዛል። የጤና ፈቃዱ ሲሰረዝ ደግሞ፣ ዓይኑን ደብቆ የፈረመልኝ ሁለት መቶ ስድሳ ሰዓት አብሮ ይሰረዛል፤ እኔም ወደዚያ ኃላፊ ፈገግታ እመለሳለሁ።

ጻፍኩ። «ያሳረፈው ካፒቴኑ ነው። የጠጠሩ መንገድ መንደርደሪያ መስሎት ነበር። ዓይኑ በደንብ አያይም።» መዝገቡን ለጋሼ ሰጠሁት።

ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። አራቀው፣ አቀረበው። በጥሞና እንደሚያነብ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ጎበዝ የእህቴ ልጅ» አለና ፈረመ። ትከሻዬንም ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ቡሎን የጻፍኩትን አሻግሮ አየና እጁን የሚጠርግበትን ጨርቅ እንደያዘ ቀረ። ልወጣ እችል ነበር፤ ፊርማው አለ፣ ነገሩ አልቋል። ግን ሰውን በማያይበት መሸወዱን እነሱ ናቸው የሚያውቁበት፤ እኔ አልፈለግኩትም። መዝገቡን ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር፣ ቀስ ብዬ።

ጋሼ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሰዓትሽስ?» አለኝ በመጨረሻ፣ እንደሚያዝንልኝ ሰው።

«ከዓይንህ ጋር ሄደ፣ ጋሼ» አልኩትና፣ እናቴ እየደወለችበት የነበረውን ስልክ አጠፋሁ።