የማይገባው ወንበር

ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ትገድለኛለች። የጥርስ ሐኪም ናት፤ አዲሱን ክሊኒኳን የምንሠራላት እኛ ነን፣ የሥራው ኃላፊ ደግሞ እኔ። ስልኬ ላይ የመዘገብኳት «ጨጓራዬ» ብዬ ነው።

ግድግዳው ሲቀባ «ይሄ ምን ዓይነት ነጭ ነው? የሬሳ ክፍል አስመሰላችሁት እኮ!» ብላ አስቀየረችን። መብራቱን አስወረደች፣ መልሳ አሰቀለች። እኔ ለሁሉም «እሺ ዶክተር፣ ችግር የለም» ነው መልሴ። ምን ላድርግ? እኛ ቤት ለደንበኛ «አይሆንም» አይባልም፤ የአለቃችን ሕግ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ «ሴትዮዋ አንድ ጊዜ እንኳ ደግማ ብታማርር ዕቃህን ሰብስብ» ብሎኛል።

ከዚያ በኋላ ነው የእንግዳ ማረፊያውን ጉዳይ ያነሳችው። «ጠበበኝ፣ ግድግዳውን ወደ ኮሪደሩ ግፉልኝ» አለች። ኮሪደሩ ከጠበበ የሕክምናው ወንበር እንደማያልፍ አውቃለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩና «ችግር የለም» አልኩ። ተፈታቶ ይገባ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ይኸው ዛሬ፣ ዓርብ፣ ወንበሩ መጣ። ሰኞ ክሊኒኩ ይከፈታል፣ ለበሽተኞች ቀጠሮ ተሰጥቷል። ጎረምሶቹ ሠራተኞቼ ገፉት፣ አጋደሙት፣ አቆሙት፤ ወይ ፍንክች! የሚፈታውን ሁሉ ፈታን፣ መቀመጫው ግን አይፈታም።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብላ ዶክተሯ ጮኸች።

እኔም ገነፈልኩ። «ግፉት ያሉት እርስዎ ነዎት! ኮሪደሩ ጠቦ በየት ይለፍ?»

«እንደማያልፍ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር!» ካፌ አመለጠኝ።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ እኮ ሰው እያለቀሰ ‹ይሄ ጥርስ አይድንም› እለዋለሁ። አንተ ለአንድ ግድግዳ ‹አይሆንም› ማለት አቃተህ?»

በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ይበልጥ ያበገነኝ እውነቷን መሆኑ ነው።

«ሰኞ ይደርሳል?» አለች።

«አይደርስም። ግድግዳው ፈርሶ፣ ተሠርቶ፣ እስኪደርቅ ሐሙስ ነው።»

ስልኳን አውጥታ ደወለች። አለቃዬ ጋ ነው፣ አለቀልኝ ስል ስልኩን ዘረጋችልኝ። «የሰኞ የመጀመሪያው በሽተኛዬ ናቸው። ራስህ ንገራቸው።»

ድምፃቸው የሽማግሌ ነው፤ አፉ እንዳበጠ ሰው ይንተባተባሉ። ቀጠሮው ወደ ሐሙስ መዛወሩን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳኝ ቆየ። እስከ ሐሙስ የምችለው ይመስልሃል?» አሉኝ።

ዶክተሯ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«አይመስለኝም አባቴ። ዛሬውኑ ሌላ ሐኪም ጋ ይሂዱ።»

መርቀውኝ ዘጉ። ዶክተሯ ስልኩን ተቀበለችኝ፤ ፊቷ አልተፈታም። «በሽተኛዬን አባረርክብኝ» አለች። ከዚያ የሁለተኛውን በሽተኛ ቁጥር ደውላ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ።